ፈንግል የገባ ሰሞን

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከገበያ አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ሊታረድ ነበር፤ ልጄ ግን «አባዬ፣ ይሄኛው ለቄቦቹ ይሁን» ብላ ስለለመነችኝ ለበዓሉ ሌላ ገዝተን እሱን ከቄቦቹ ጋር አስገባነው። በግቢያችን ጥግ በቆርቆሮና በሽቦ በሠራሁት ቤት ውስጥ 14 ቄቦች ነበሩን። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ በአምፖል እያሞቅን ያሳደግናቸው ናቸው። ሦስቱ እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር።

በአምስተኛው ቀን አውራው ክንፉን ጥሎ፣ ዓይኑን ከድኖ ሲያንቀላፋ አገኘሁት። በማግስቱ ሞተ። ከዚያ ቄቦቹ ተከተሉ። ኩሳቸው አረንጓዴ ሆነ፤ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚተነፍሱት። አንዷ ነጭ ቄብ አንገቷ ተጠምዞ፣ ወደ ሰማይ እያየች በአንድ ቦታ ትዞራለች። ጥሬ ልትለቅም ስታጎነብስ ምንቃሯ ከጥሬው አጠገብ ያለውን መሬት ይመታል። ልጄ ጥሬውን በመዳፏ ይዛ ምንቃሯ ሥር ድረስ ብትወስድላትም ማግኘት አቃታት።

«ፈንግል ነው» አሉ ጎረቤታችን እትዬ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ገና ሲያዩዋት። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጬ እንድሰጣቸው መከሩኝ፤ ሰጠሁ። ሌላ ሰው ደግሞ ቴትራሳይክሊን አለኝ፤ እሱንም ገዛሁ። ካፕሱሉን እየከፈትኩ ቢጫውን ዱቄት በመጠጫቸው ውስጥ በጠበጥኩት። በስድስት ቀን ውስጥ 11ዱን ቀበርኩ።

የእንስሳት ሐኪሟ የመጣችው ሦስት ብቻ ሲቀሩ ነው። ቢጫውን ውሃ አይታ «ጋሼ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለበሽታው።»

«ይሄ መድኃኒት ባክቴሪያ ፕሮቲኑን የሚሠራበትን ወጥ ቤት ነው የሚዘጋው። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ የራሱ ወጥ ቤት የለውም። የሚሠራው በዶሮዋ ወጥ ቤት ገብቶ ነው።»

ቤቱን በሳሙና እንዳጥበው፣ በረኪና እንዳርከፈክፍበት፣ ጉዝጓዙን እንዳቃጥል ነገረችኝ። ከሦስቱ ሁለቱ ሞቱና ነጯ ብቻ ተረፈች። እሷን ወደ ማድ ቤት አዛወርናት። እኔ ግን የዶሮ ቤቱን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ተውኩት። የሚበላው ዶሮ ከሌለ በሽታው በራሱ ጊዜ ይሞታል ብዬ አምኜ ነበር። ቁንጫ እንኳ ሰው በሌለበት ቤት ከስታ ትሞታለች ተብሎ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሥር ቀን ጠብቄ 8 አዳዲስ ቄቦች ገዝቼ አስገባሁ።

አምስቱ ሞቱ። ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ያመኛል፤ ተነግሮኝ ነበርና።

ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። ከማደሪያው አጣና ሥር በጥላ የደረቀውን ኩስ በእንጨት ጫፍ እየቆፈረች «ጋሼ፣ የማይበላ ነገር አይራብም። ፀሐይ ካላገኘው ሳምንታት ይቆያል» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ያቦካችውን ሊጥ ክዳኑን አንስቼ ብዙ ቆምኩ። ከላይ እርሾው ጠሏል፤ ከሥሩ አንዲት አረፋ ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ትወጠራለች፣ ትፈነዳለች፤ በቦታዋ ሌላ ትተካለች። እዚያ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ፍጥረታት የጤፉን ስኳር ይበላሉ፣ ጋዝ ያወጣሉ፣ ይባዛሉ። የእንጀራው ዓይን የእነሱ እስትንፋስ ነው። በረሃብና በእሳት ይሞታሉ። የፈንግልን ቫይረስ ግን እዚያ ሊጥ ውስጥ ብንጨምረው ዓመት ቢቀመጥ አንድ እንኳ አይጨምርም። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም።

ታዲያ እንዴት 13 ቄቦች ሙሉ ይሆናል? የሐኪሟን ማብራሪያ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ቫይረሱ እንደ ክታብ ነው፤ በስብና በፕሮቲን ተለብጦ የተሰፋ ጽሑፍ። የፈንግሉ ጽሑፍ ወደ 15 ሺህ ፊደል ነው። ክታቡ የዶሮዋ ሴል ውስጥ ሲገባ ልባሱ ይወልቅና ጽሑፉ ይፈታል፤ ሴሉም የራሱ ትእዛዝ መስሎት እያነበበ ክፍሎቹን ለየብቻ ይሠራል። በዚያች ሰዓት ሴሉ ተከፍቶ ቢፈተሽ አንድም ሙሉ ቫይረስ አይገኝበትም። የገባው ፈርሷል፤ የሚወጡት ገና አልተገጣጠሙም። ልቤን የነካው ይሄ ነው። እርሾ ከእርሾ፣ ጫጩት ከእንቁላል ሲመጣ የሕይወቱ ክር ለአፍታም አይበጠስም፤ ሴል ሁልጊዜ ከሙሉ ሴል ነው የሚወለደው። ቫይረስ ግን በእያንዳንዱ ትውልድ ተበትኖ እንደ አዲስ ይገጣጠማል።

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ዌንዴል ስታንሊ የትምባሆ ቅጠል የሚያሳምመውን ቫይረስ አጥርቶ ልክ እንደ ጨው ክሪስታል አደረገው። ያ ክሪስታል በውሃ ሟሙቶ ቅጠል ላይ ሲቀባ እንደገና ቅጠሉን አሳመመው። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ጨው ሆኖ ተቀምጦ መልሶ የሚያሳምም ነገር ሕያው ነው ወይስ ግዑዝ? ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ባዶ የዶሮ ቤት ውስጥ አድብቶ ያየሁት ነገር ለእኔ ሕያው አይደለም።

አያቶቻችን የክፉ ቀንን ታሪክ ሲያወሩ ደስታ ስለሚባለው የከብት በሽታ ይነግሩን ነበር። በ1880ዎቹ መግቢያ የአገሩን በሬ አርግፎ ማረሻውን ያስፈታው በሽታ ቫይረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው መድኃኒት አልነበረም። ከብቱ ለዓመታት ሲከተብ፣ ጽሑፉን የሚያነብለት ሴል አጣ።

ከአንድ ወር በኋላ ቤቱን እንደታዘዝኩት አጠብኩ፣ በረኪናውን አርከፈከፍኩ፣ ጉዝጓዙን አቃጠልኩ። ሐኪሟ የፈንግሉን ክትባት በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይዛ መጣች። ክትባቱ ራሱ የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ የሚባዛውም በዱቄት ወይም በሾርባ ሳይሆን ውስጡ ጽንስ እያደገ ባለ እንቁላል ነው።

«ሙቀት ካገኘው ይሞታል ማለት ነው?» አልኳት።

«አይሞትም ጋሼ፣ ይበላሻል።»

ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ ከተከፈተም የማይቆይ ስለነበር ጎረቤቱን ሁሉ ጠራን። እትዬ ዶሮዎቻቸውን በቅርጫት ይዘው ከፊት ተሰለፉ። ልጄ ዶሮዋን አቅፋ ራሷን ዘንበል ታደርጋለች፤ ሐኪሟ ዓይኗ ላይ አንዲት ጠብታ ታንጠባጥባለች፤ ዶሮዋ እስክትጨፍን ጠብቀን እንለቃታለን። ነጯ ቄብ በሽታው ራሱ ስላለፈባት ክትባቱ አላስፈለጋትም። አንገቷን እንዳጣመመች ከማድ ቤት ወጥታ መሀላችን ገባችና ከልጄ መዳፍ ጥሬ መልቀም ጀመረች። ሦስት ጊዜ ስታ በአራተኛው አገኘችው።