ሃልብ ድራይ

ነርስ ነኝ። ደብረ ታቦር አብሮኝ የሌሊት ተረኛ የነበረ ጓደኛዬ «ጀርመን ነርስ ይፈልጋል፤ ቋንቋ ብቻ ነው የሚጠይቁህ» አለኝ። ያቺን «ብቻ» ያኔ ልጠረጥራት ይገባ ነበር። ደረጃው ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት እርከን ነው፤ ለነርስ በአብዛኛው የሚጠየቀው ቢ2 ነው። እኔም በአንድ ዓመት ቢ1 እደርሳለሁ ብዬ ፎከርኩ።

መጀመሪያ የተሸበረችው እናቴ ናት። ጀርመኖች «እኔ» ለማለት «ኢሽ» ይላሉ፤ ከ«ሽ» እና ከ«ህ» መሀል የሚሾልክ ድምፅ ነው። ክረምት ነው፣ ብርዱ ከጉና ይወርዳል፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ስልኬ ላይ አፍጥጬ «ኢሽ፣ ኢሽ» እላለሁ።

«ልጄ፣ ዶሮ የለ፤ ምኑን ነው እሽ የምትለው?»

ከጉሮሮ የሚወጣውን «አኽ» ስጀምር ደግሞ ዝም ብላ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት በጥብጣ አመጣችልኝ። ጠጣሁት። አነጋገሬን ግን አላሻሻለውም።

የቋንቋው ጠባይ ራሱ ግራ ነው። ጠረጴዛው ወንድ፣ መብራቱ ሴት፣ ልጃገረዷ ግን ወንድም ሴትም አይደለችም። አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝምባቸው ግሱን መጨረሻ ላይ ይጥሉታል። ሰውየው መጣ ይሁን ቀረ ንግግሩ እስኪያልቅ አለማወቅ ለእኛ ምናችንም አይደለም።

ተስፋ ስቆርጥ ወደ ጋፋት በእግሬ እወጣለሁ። ጀርመንኛ እኛ አገር በእኔ ስልክ አልገባም። በ1850ዎቹ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) እነ ቫልድማየር፣ ባዝል አጠገብ ካለው ቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ሚስዮናውያን፣ እዚያች ጉብታ ላይ ተቀምጠው ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ሠርተዋል፤ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ማቅለጥ! እነሱንስ አማርኛ ማን ፈተናቸው? «ቢ1 ይዛችሁ ኑ» ያላቸው ያለ አይመስለኝም።

ፈተናው አዲስ አበባ ነበር። ንግግሩ ላይ ከአንዲት የማላውቃት ልጅ ጋር አጣምረው፣ ሆስፒታል የተኛ የሥራ ባልደረባ ለመጠየቅ ተማከሩ አሉን። መከራከር፣ ሌላ ሐሳብ ማምጣት ነጥብ ያስገኛል። እኔ ግን የሰው ልጅ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት አልለመደብኝም። ቅዳሜ እንሂድ? እሺ። አበባ እንግዛ? እሺ። በታክሲ? እሺ። ምክሩ በሁለት ደቂቃ አለቀና አራታችንም፣ ፈታኞቹ ጭምር፣ ተያየን። እሱን እንኳ እንደ ምንም አልፌዋለሁ።

የጣለኝ ማዳመጡ ነው። ከድምፅ ማጉያው ባቡር «ሃልብ ድራይ» ይነሣል ተባለ። ሃልብ ግማሽ፣ ድራይ ሦስት፤ ሦስት ተኩል አልኩ። ለካ ለእነሱ ገና ሦስት ሊሞላ ግማሽ የቀረው ነው፣ ሁለት ተኩል! ይህ ሳያንስ በልማዴ ስድስት ሰዓት ደመርኩበትና ወደ እኛ ሰዓት አመጣሁት። ዘጠኝ ተኩል ደግሞ ከምርጫዎቹ መሀል ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። አከበብኳት። ጥያቄው 30 ነው፤ 18 የመለሰ 60 አግኝቶ ያልፋል። እኔ 17 መለስኩ።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ድጓ ቤተልሔም ድረስ ሄደው ያስመሰከሩ።

«ማን ፈተነህ?» አሉኝ።

«ማዳመጡን በቴፕ ነው፣ የኔታ።»

«ቴፑ ሲያርምህ አላየህም?»

«አያርምም። ውጤቱን ብቻ ይልካሉ።»

ቆብ የደፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ሲሳሳቱ መምህሩ እዚያው አስቁመው ያስደግሟቸው ነበር፤ አንዷን ምልክት ሳምንት ሙሉ የደገሙበት ጊዜ አለ። «እና ካለፍክ በኋላ ምስክርነቱ የዕድሜ ልክ ነው?» አሉ። ቀጣሪና ኤምባሲ ያረጀ ወረቀት እንደማይወድ ስነግራቸው «ያንተስ ትምህርት እንደ ወተት ነው» ብለው ወደ ማኅሌታቸው ሄዱ።

ደግነቱ የወደቁባትን ክፍል ብቻ ደግሞ መፈተን ይቻላል። ሁለተኛ ልሄድ ትኬት ስቆርጥ የመናኸሪያው ልጅ «መኪናው አሥራ አንድ ተኩል ይነሣል፣ እንዳትቀር» አለኝ። አሥራ አንድ፣ ተኩል። ሊሞላ ግማሽ የቀረው። አሥር ተኩል ላይ ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ተገተርኩ። ሰው የለም፣ መኪና የለም፤ ዘበኛው ብቻ ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ አየኝ።

«ምን አስቸኮለህ፣ ወንዛዬ?»