ስምንት የመሰለችኝ አራት

ጉድ የሠራችኝ 4 ቁጥር ናት። እሷ ባትኖር የጳጉሜ 4ን ሌሊት ዳካ፣ ማረፊያዬ ውስጥ፣ የሚንቋቋውን የጣሪያ ማራገቢያ እየሰማሁ አድር ነበር እንጂ፣ ውኃ በከበበው ጉብታ ላይ ከማላውቃቸው ሰባት ሰዎች፣ ከሁለት ላሞችና ቆጥሬ ካልጨረስኳቸው ዳክዬዎች ጋር ባላደርኩ።

የሚያሳፍረው ደግሞ ቁጥር እንጀራዬ መሆኑ ነው። ሕዝብ ቆጣሪዎች ይዘውት የሚወጡትን ካርታ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቆጠራ ባላየች አገር በዚህ ሙያ መኖር፣ ሠርግ በጠፋበት ሰፈር ድንኳን እንደ ማከራየት ነው፤ ዕቃው አለ፣ አቧራው ይራገፋል፣ ጠሪ የለም። አራተኛው ቆጠራ ዘንድሮ ነው፣ የለም ለከርሞ ነው ሲባል ጸጉሬ ሸበተ። ስለዚህ በ2014 መጨረሻ ላይ "ባንግላዴሽ ሄዳችሁ ሠልጥኑ" ስንባል ከሁሉ ቀድሜ ፓስፖርቴን የመዘዝኩት እኔ ነኝ።

እነሱ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በአንድ ሳምንት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በታብሌት፣ ቆጥረው ጨርሰዋል። ጎርፍ የዋጣቸው የሰሜን ምሥራቅ ቦታዎች ላይ ጥቂት ቀን ቢጨምሩም ሐምሌ ሳይወጣ የመጀመሪያውን ውጤት አወጡት። አሠልጣኛችን ሰሌዳው ላይ 16,51,58,616 ብሎ ሲጽፍ ኮማው ተዛብቷል ብዬ እጄን አወጣሁ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ለካ እነሱ ከሺው በኋላ በሁለት በሁለት ቤት ነው የሚለዩት፤ መቶ ሺው ላክ፣ መቶ ላኩ ክሮር ይባላል። 16 ክሮር 51 ላክ ከምናምን፣ በእኛ አፍ 165 ሚሊዮን ከምናምን መሆኑ ነው። እጄን አወረድኩ። ያን ጊዜ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ጥሩ ነበር።

አርብ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ነው። የዳካ ሰው ብዛት ትከሻዬን አቁስሎት ስለነበር ሰው የሳሳበትን ቦታ ግድግዳው ካርታ ላይ ፈለግኩ። በአገሩ በአማካይ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1,119 ሰው ይኖራል። ኪሾርጋንጅ ዞን ውስጥ ግን ኢትና የምትባል ወረዳ አገኘሁ፤ ኡፓዚላ ይሉታል እነሱ። ስፋቷ ወደ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ከ160 ሺህ በላይ፣ በዘጠኝ ዩኒየን የተከፋፈለች። አካፈልኩት፤ ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 400 ሰው ገደማ። ለኢትዮጵያዊ ይህም ገበያ ነው፤ ከዳካ ለመጣ ግን ምድረ በዳ። ከኢትና ወደ ዞኑ ከተማ የሚወስድ ቀጭን የመንገድ መስመርም ካርታው ላይ አለ። ከመርካቶ ያመጣሁትን አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጌ በጠዋቱ ባቡር ተነሣሁ። ብቻህን አትሂድ ያሉኝም ነበሩ። ካርታ ሠሪ መንገድ ይጠይቃል እንዴ?

ከኪሾርጋንጅ ከተማ ባጃጅ ያዝኩ፤ እዚያ በሚነዳበት ጋዝ ስም ሲኤንጂ ነው የሚባለው። ቻምራጋት የምትባል ቦታ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። "ኢትና" አልኩት። በአገጩ ፊት ለፊት አሳየኝ። ፊት ለፊታችን ያለው ባሕር ነው። ማዶው አይታይም፤ ማዕበል አለው፤ መሐሉ ላይ የመብራት ምሰሶዎች እስከ ወገባቸው ገብተው ተሰልፈዋል። "መንገዱስ?" አልኩት፣ በጣቴ አየር ላይ መስመር እያሰመርኩ። በጣቱ ወደ ታች አመለከተኝ።

መንገዱ ውኃው ሥር ነበር። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሲሠራም ታስቦበት ነው። ግማሽ ዓመት እንዲሰጥም፣ ግማሽ ዓመት ብቅ ብሎ መኪና እንዲያሳልፍ በኮንክሪት የተሠራ መንገድ ነው። እኔ ያየሁት ካርታ የበጋው ነበር።

ቦታው ሃዎር ይባላል፤ ቃሉ ባሕር ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ። በሰሜን ምሥራቅ ባንግላዴሽ ሰባት ዞኖች ውስጥ 373 ሃዎሮች አሉ። ምድሩ እንደ ሳህን መሐሉ የጎደጎደ ነው፤ ከባሕሩ ይህን ያህል ርቆ ሳለ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከሰሜን፣ ከድንበሩ ማዶ፣ የሜጋላያ ተራሮች አሉ፤ በምድር ላይ ከባድ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ቦታዎች አንዷ ቼራፑንጂ እዚያ ናት። በዚያው ዓመት ሰኔ ቼራፑንጂ ላይ በአንድ ቀን 972 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ለአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘንብላት ብዙም አያንስም። ያ ሁሉ ውኃ ተንደርድሮ ሳህኑ ውስጥ ይገባና፣ መግና ወንዝ ቀስ እያለ እስኪያስወጣው ድረስ ወራት ይቀመጣል።

ትሮለር ይሉታል ጀልባውን፤ ቦትቦትቦት የሚል ሞተር ያለው የእንጨት ጀልባ ነው። ከአንድ ሞተር ብስክሌት፣ ከሽንኩርት ማዳበሪያና ከአንዲት ሙሽራ ጋር ተሳፈርኩ። ሠርግ በብዛት በውኃ ወር ነው፤ ጭቃ የለ፣ እርምጃ የለ፣ ሙሽራዋን ከደጅ እስከ ደጅ ጀልባ ያደርሳታል። ዛፎች እስከ አንገታቸው ሰምጠው፣ ቅጠላቸው ግን ለምልሞ ቆሟል። መንደሮቹ ሰው በእጁ ቆፍሮ የከመራቸው ጉብታዎች ናቸው፤ ቤቶቹ ዝናብ እንደያዛቸው በጎች ተጠጋግተው ላያቸው ላይ ተለጥፈዋል። ካሬ ኪሎ ሜትር በ400 ሰው ያልኩት ስሌቴ እዚህ ላይ አፈረ። ውኃው ላይ ማንም የለም። ጉብታው ላይ ያለው ጥግግት ዳካን ያስንቃል።

ከኢትና ገበያ ወደ አንዱ ጉብታ በትንሽ ጀልባ ተሻገርኩ። መመለሻውን እንዳላጣ የጀልባ ሰዓት የተጻፈበትን ሰሌዳ አየሁ። ሁለት ቀለበት አንዱ ካንዱ ላይ፤ 8። ከሰዓት በኋላ 8 ማለት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የሰዓት አቆጣጠሩን እንኳ በአእምሮዬ ገልብጬ ማስላቴ አኩርቶኝ ነበር። ሻይ አዘዝኩ።

የቤንጋል 4 ቁርጥ የእኛን 8 ትመስላለች። ይህን የነገረኝ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አለችው። ሲነግረኝ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ነበር። ጀልባው 10 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በእነሱ 4፣ እኔ ሻይ ስጠጣ ዓይኔ ሥር ሄዷል፤ እጄን ሁሉ አውለብልቤለታለሁ።

የልጁ አያት መጡ። ሁሉም ቻቻ ይላቸዋል፤ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። እኔን "ባባ" አሉኝ። ባባ አባት ነው፤ ትልቅ ሰው ትንሹን ሲያቆላምጥ እንዲያ ይለዋል። እኛም ሕፃን ልጅ "አባቴ" እንል የለ? ሆዴ ተረጋጋ። ወደ ቤታቸው ስንሄድ ጉብታው ጫፍ ላይ አንሸራተተኝና እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እኔን አወጡኝ። የግራ ጫማዬ እያየሁት ወደ ሌላ ዩኒየን ጉዞ ጀመረ።

እራት ሩዝ፣ ዓሣና የዳክዬ እንቁላል ወጥ ቀረበ። ቀኑ አርብ ነው። እንቁላሉን ሆዴን እየያዝኩ አመኻኝቼ ተውኩት። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን የአገር ክርክር ደግሞ እዚያው ጉብታ ላይ ብቻዬን ፈታሁትና በላሁ። ቼፓ ሹትኪ የሚሉትም ነበር፤ በማሰሮ ታሽጎ የፈላ ትንሽ ዓሣ ከበርበሬ ጋር የተደለዘ። ሽታው ቀድሞ ይገባል፣ ጣዕሙ ተከትሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ሙያ አይለቅም፤ በልጁ አስተርጓሚነት ጥያቄ ጀመርኩ። "ቻቻ፣ ስንት መሬት አለዎት?"

"በየትኛው ወር?" አሉኝ።

የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። በጣታቸው ውኃውን አሳዩኝ፤ ጨረቃዋ ሞላ ልትል አንድ ቀን ቀርቷት ሃዎሩ የተወለወለ ትሪ መስሏል። የመጣሁበት ትንሽ ጀልባ ያቋረጠው የእሳቸውን ማሳ ነው። እዚያ ብቻውን የቆመው ዛፍ ከጎረቤታቸው ጋር ድንበራቸው ነው። ውኃው ሲሸሽ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ቦሮ የሚሉትን ሩዝ ይተክላሉ፤ በሚያዝያ ያጭዳሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎርፉ ቀድሞ በመጋቢት ማብቂያ መጣና እሸቱን እንደቆመ ዋጠው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ አጠገባችን የነበረች ሴት ግን ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

"እሺ፣ ቤተሰቡ ስንት ነው?"

እንደገና፣ "በየትኛው ወር?"

ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው የውኃውን ወራት ዳካ ይሠራሉ፤ አንዱ ሪክሾ ይነዳል፣ አንዱ ልብስ ፋብሪካ ነው። ያገባችው ልጃቸው ደግሞ ከሁለት ልጆቿ ጋር አባቷ ቤት መጥታለች፤ ይህ በጀልባ የሚደረግ የውኃ ወር ጥየቃ ናዮር የሚባል ስም አለው። በአጨዳ ጊዜ ከሌላ ዞን የመጡ የቀን ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ያድራሉ። ታዲያ የሰኔው ቆጣሪ ማንን ጻፈ? ቻቻ ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ እነሱ ግን ቢያንስ ጠያቂ መጥቶላቸዋል።

ልጁ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያሳርረኝ አላውቅም፣ ከኬምብሪጅ የሒሳብ ፈተና በከፍተኛ ማዕረግ በማለፍ የመጀመሪያው ሕንዳዊ የሆነው አናንዳ ሞሃን ቦስ የዚሁ ወረዳ፣ የጆይሲዲ መንደር ልጅ መሆኑን ነገረኝ። እኔ 4ን ማንበብ ያቃተኝ እዚህ ነው። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ሐሚድም የጎረቤት ወረዳ የሚታማይን ተወላጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትናን፣ ሚታማይንንና ኦስቶግራምን የሚያገናኝ የማይሰጥም፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆን አስፋልት ተከፍቷል። ሰው ከዳካ ድረስ እየመጣ ፎቶ ይነሣበታል፤ ውኃ ያግዳል የሚሉ ወቃሾችም አሉት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ በውኃው ወራት እዚያ መንገድ ላይ ለመድረስ ጀልባ ያስፈልጋል።

ሌሊት ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ጉብታውን በጎኑ ይመታዋል፤ በቀርከሃና በሣር ካብ አጥረውታል፤ ቢሆንም በየመሐሉ አንድ ጓል አፈር ዱብ ሲል ይሰማል። ከጎኔ ላሟ ታመሰኳለች። ዱብ። ሌላ ጓል። የወረዳዋን ስፋት እስከ ነጥብ ሁለት ቤት ድረስ የሚጽፉ መጻሕፍት ትዝ አሉኝ።

ጠዋት ልጁ ሳይነቃ ሰሌዳውን ሄጄ አየሁ። አሁን ተምሬያለሁ፤ 8 ስትመስል 4 ናት። የጠዋቷ ግን ጥርት ያለች 9 ናት፤ በእኛ 3 ሰዓት። ገና ብዙ ጊዜ አለኝ። የቀኝ ጫማዬን አጠብኩ። ቻቻ ከበር ላይ ሆነው አውራ ጣታቸውን የሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ አሳርፈው አሳዩኝ። የአገሩ ሰላምታ መስሎኝ አጸፋውን መለስኩ። ደገሙት። እኔም ደገምኩ። ለካ ሰዓት እየነገሩኝ ነው፤ በአንጓ ነው የሚቆጥሩት፣ አንድ እጅ ላይ ከአምስት በላይ ይይዛሉ። የቤንጋል 7 ደግሞ የእኛን 9 ትመስላለች። ጀልባው ሲነሣ ልጁ በቀዘፋ አባርሮ፣ አንድ ጫማ እጄ ውስጥ እንደያዝኩ፣ ከነክብሬ አሳፈረኝ።

እሑድ፣ መስከረም 1 ቀን፣ ሥልጠናው ቀጠለ። የመስክ ጉብኝት ያደረገ ቅጽ ይሙላ ተባለና ሞላሁ። የቦታው ስፋት በሚለው ፊት 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዬ ጽፌ ቆምኩ፤ ሳላስበውም ከጎኑ "ጳጉሜ 4 ቀን" ብዬ ጨመርኩበት። አሠልጣኙ ቅጹን አነበበና እጁን አወጣ።

"ይህ ወር የትኛው ነው?"

"አሥራ ሦስተኛው።"

"ስንት ቀን አለው?"

"አምስት" አልኩት። "አንዳንዴ ስድስት።"

የሚያርመው ስህተት ያገኘ መስሎት ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ።