የሽቦው ጌታ

የሃይ-ፋይ ወዳጅ ለማጉያና ለሽቦ ጥሪቱን የሚያፈሰው ዘፋኙ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ እንዲመስለው ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሰርግ ግን አዝማሪው አይመስልም፤ ተቀምጧል። ዕቃው ማሲንቆም ቆዳ የለበሰ ሣጥን፣ ደጋንና የፈረስ ጭራ ነው። «አዝማሪ ሁልጊዜ ከየት ይመጣል? የተቀረጸውን አጥርቶ መስማትስ ምን ነውር አለው?» የሚል አይጠፋም። ነውር የለውም፤ አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ያሳተማቸው ሸክላዎች ደህና መርፌ ይገባቸዋል። ችግሩ ጆሮ ላይ ነው። የጤነኛ ወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ቀጭኑ ድምፅ ከላይ ይሸረፋል። ኪስ የሚሞላው ደግሞ፣ አይ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ጆሮ ሲጎድል ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን ለድምፅ ጥሪቱን አያፈስም፤ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክምበት ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ለማሲንቆው ይህም አያስፈልገውም።