ስህተት ለቃሚው

ከእኔ ጋር ኮሜዲ ፊልም ያየ ሰው አይደግመውም። ሌላው ሲስቅ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፦ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ሻይ ስንት ጣት ነው? የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ቅድም ተቆልፎ አልነበረም? ያቺ ያጠረች ሲጋራ ተመልሳ እንዴት ረዘመች? ተዋናዩ ተንሸራቶ ሲወድቅ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል፤ እኔ ደግሞ "ጫማው ጥቁር አልነበረም እንዴ?" እላለሁ። ለሰው መቅሠፍት መሆኔ ሳያንስ ቀልዱ እኔንም ያመልጠኛል። "ምን ብሎ ነው?" ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ጥፋቱን ሞያሌ ላይ ሳላክክ ኖሬያለሁ፤ አሁንም ልሞክር። የምኖረው በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ፣ በኬንያው ሞያሌ ነው። እንጀራዬም ትራንዚተርነት ነው፤ ወረቀቱና ዕቃው መመሳሰላቸውን እያየሁ እውላለሁ። በሥራ የተበላሸ ዓይን ማታ ቤት ሲገባ አይታጠፍም። ከተማው ራሱስ ቢሆን? በኬንያ በኩል ግራውን ይዞ የመጣ መኪና ኬላውን እንዳለፈ ቀኙን ይይዛል። ሽልንጉ ብር ይሆናል፣ ዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንሳል፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት መጣ ሳይባል ይጨመራል። የሁለቱ አገሮች የጋራ ኬላ ሲመረቅ በኬንያ በኩል ዲሴምበር 2020 ነበር፤ በኢትዮጵያ በኩል ኅዳር 2013። አንድ ምረቃ፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት! ሞያሌ ፊልም ብትሆን ኖሮ ኮንቲኒዩቲ፣ ማለት የትዕይንቶቹን መመሳሰል፣ የሚይዘው ልጅ በማግስቱ ይባረር ነበር።

ይህን ሁሉ በየቀኑ የማይ ሰው ቢያንስ በሰዓት ጉዳይ አይሞኝም ትሉ ይሆናል። አንድ ምሽት የስዋሂሊ ኮሜዲ እያየን ተዋናዩ "ሳ ቲሳ" አለ፤ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው። ከኋላው የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ግን ሦስት ላይ ነው። "ያዝኳቸው!" ብዬ ከሶፋው ተነሣሁ። ሰዓት ማመሳሰል ያቃተው ፊልም ሠሪ ካሜራ መያዝ እንደሌለበትም ጥቂት ንግግር አደረግሁ። ልጄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አባዬ፣ ያንተ ሰዓት ሦስት ላይ ሲሆን አንተ ስንት ሰዓት ነው የምትለው?"

የእጄ ሰዓት ለሥራዬ እንዲመች በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ላይ አይቼ ዘጠኝ ስል ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ስዋሂሊም እንደ እኛው አማርኛ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ነው። የገዛ አገሬን አቆጣጠር በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ስህተት መሰለኝ። የዚያን ፊልም ቀሪ አላየሁትም፤ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ሳልመለስ ቀረሁ።

ከዚህ የሚብስ ግን አለ። "ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ"ን ያላየ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ጥቂት ነው። የጄሚ ዩይስ ፊልም ነው፣ የ1980። ከአውሮፕላን የተወረወረ የኮካ ጠርሙስ ካላሃሪ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ የሚኖር የሳን ቤተሰብ ይጣላበታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሰውዬ ከዓለም ዳርቻ ሊወረውረው በእግሩ ይነሣል። እኔ በዚህ ፊልም ላይ ለዓመታት ሁለት ክስ ይዤ ኖሬያለሁ። አንደኛ፣ ከዚያ ከፍታ የወደቀ ጠርሙስ እንዴት አልተሰበረም? ሁለተኛ፣ ከካላሃሪ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ጫፍ፣ ጎድስ ዊንዶው የሚባለው ገደል ላይ በእግሩ እንዴት ደረሰ?

ትልቁ ስህተት እፊቴ ቆሞ ነበር። ፊልሙ የሳን ሕዝብ ከውጭው ዓለም ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም ይላል። ዋናው ተዋናይ ኒካው ግን ከፊልሙ በፊት በትምህርት ቤት ምግብ አብሳይነት የሠራ ሰው ነው። ወገኖቹም ናሚቢያ ውስጥ ቹምክዌ በተባለው ሰፈራ ነበሩ፤ አደን ቀርቶባቸው በእርዳታ እህል ይኖሩ፣ ወንዶቹም በደቡብ አፍሪካ ጦር ይመለመሉ ነበር። ይህን ጆን ማርሻል በዚያው በ1980 በወጣው "ናይ" በተሰኘው ዘጋቢ ፊልሙ አሳይቶታል፤ የዩይስ ቀረጻ ራሱ እንኳ በውስጡ ይታያል። እኔ ደግሞ የምኖረው ግመሉን ሸጦ ገንዘቡን በኤምፔሳ የሚቀበል አርብቶ አደር ባለበት ከተማ ነው። ስልክ የሌለው እረኛ ብቻ ፈልጎ የሚያነሣ ካሜራ ሲመጣ በንዴት የምጮኸውም እኔ ነኝ። ሆኖም ፊልሙ ላይ የታየኝ ጠርሙሱ ነው።

ፊልም የሚሠሩ ሰዎች የእኔን ዓይነቱን በጣም የሚፈሩት አይመስለኝም። አንድ ትዕይንት ደጋግሞ ይቀረጻል፤ አቀናባሪው ከሁሉም ጥሩ የተተወነበትን ይመርጣል፤ ሻዩ ጎደለ አልጎደለ ብሎ ሳቁን አይጥልም። በ1990ው "ፕሪቲ ውመን" ጁሊያ ሮበርትስ ቁርስ ላይ ክሮሳንት ይዛ ትጀምርና እጇ ላይ ያለው ፓንኬክ ይሆናል፤ ዓለም ግን ፊልሙን ወደደው። "አፖካሊፕስ ናው"ን ካቀናበሩት አንዱ ዋልተር መርች ፊልሙ የት እንደሚቆረጥ ለመምረጥ ስድስት መመዘኛ ጽፏል። ስሜት 51 በመቶ ይይዛል፣ ታሪክ 23፣ ምት 10። መጨረሻ ላይ ሰዎቹ በቦታው ውስጥ የት እንደቆሙ ማዛመድ 4 በመቶ ይደርሰዋል። የእኔ ሻይ፣ የእኔ ቁልፍ፣ የእኔ ሲጋራ? በዝርዝሩ ስማቸው የለም። ከአራት በመቶ በታች ላለ ነገር ነው ቤተሰቤን ያስቀየምኩት።

ይህን ማወቄ ግን ጠባዬን አላረመውም፤ ጭራሽ አዲስ ሱስ ጨመረልኝ። አሁን የማየው ገንዘብ ነው። ተዋናዩ ኪሱን ሲነካ ወደ ስክሪኑ እጠጋለሁ። ታሪኩ 2012 ዓ.ም. ነው ተብሎ የ200 ብር ኖት ከወጣ አለቀለት፤ ኖቱ የመጣው በመስከረም 2013 ነው። በፈረንጅ ከ2019 ወዲህ ነው ተብሎ አሮጌው የኬንያ የሺህ ሽልንግ ኖት ከታየም እንደዚያው፤ ያ ኖት ከዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ማብቂያ በኋላ ወረቀት ነው። እስካሁን አንድም ፊልም በዚህ አልያዝኩም፤ መጠበቁን ግን አልተውኩም።

ባለቤቴ መፍትሔ አመጣች። ፊልም እየታየ አንድ ስህተት ጮክ ብዬ ባወጣሁ ቁጥር ሃያ እከፍላለሁ፤ ገንዘቡ ለልጆቹ ለስላሳ ይገዛበታል። ልጆቹ ወዲያው አጨበጨቡ። ፊልሙ ተከፈተ፤ ገና ርዕሱ ሳይወጣ እጄን አነሣሁ።

"ሃያ ምን?" አልኩ። "ሽልንግ ነው ብር?"

"አርባ" አለች።