የጧትና የማታ ሰው

አክስቴ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ፍየል ግዛ ብለው ወደ አሊዩ አምባ የላኩኝ «አንተ አፍ አለህ፣ ማንም አያታልልህም» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ከሽንኩርት ቸርቻሪ ጋር ተከራክሬ ተሸንፌ አላውቅም። ደግሞ የቆላ ፍየል ሥጋው ይጣፍጣል ይባላል፣ ደገኛን ከዚህ እምነቱ የሚያናውጠው የለም።

የገበያ ቀን ስለነበር ከአንኮበር የሚወርደው መኪና ሁሉ ሞልቷል፤ በእግሬ ወረድኩ። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ብርዱ ከኋላ ይቀራል፣ ጋቢው ከትከሻ ወርዶ ክንድ ላይ ይታጠፋል። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ገብስ የተጫኑ አህዮች እየነዱ መጡ። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ የፍየል ተራው በየት በኩል ነው?» አልኳቸው። «ዞር በል!» አሉኝ። ዞር ሳልል የፊተኛዋ አህያ ጭነት ጎኔን ገፋኝና ቦይ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ቦዩ ውሃ ነበረው፣ ሱሪዬ ነጣ ያለ ነበር። ሰውዬው ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። እኔም እስከ ገበያው ድረስ ክፉ፣ ጨካኝ፣ እግዜርን የማይፈሩ እያልኩ በሆዴ ስረግማቸው ወረድኩ።

አሊዩ አምባ የዋዛ ገበያ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር፤ አሞሌ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ እየተመነዘረ ክርስቲያኑ ደገኛ ከአርጎባውና ከአፋሩ ጋር የሚስማማበት። እንዲህ ባለ ገበያ መሃል የታወቀው አፌ የት እንደገባ እንጃ። ባለ ፍየሉ ዋጋውን አንዴ ተናግሮ ዝም አለ፤ ሱሪዬ ላይ ጭቃ ተለጥፎ፣ ሰው ከኋላ እያየኝ፣ የተባልኩትን ከፈልኩ። ጅብ እንኳ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ እኔ ግን በማያውቁኝ አገር የነበረኝም ጠፋኝ።

ፍየሉም እንደኔው ነበር። ከመንጋው ጋር ሳለ ጭምት፣ ገመድ ቢስቡት የሚከተል። ብቻውን ዳገቱን ሲጀምር ሌላ ፍየል ሆነ፤ ጮኸ፣ ተራገጠ፣ በመጨረሻም መንገዱ መሃል ተኛ። ብጎትት፣ ብለምን፣ አልሰማም አለ። ይህን ጊዜ ነው «ምነው ልጄ፣ አስቸገረህ?» የሚል ድምፅ የሰማሁት። ቀና ስል እኚያው የጧቱ ሰውዬ ናቸው፣ አህዮቻቸው ጭነት አራግፈዋል። አላወቁኝም። ፍየሉን አንስተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ እኔ ባዶ ጆንያቸውን ታቅፌ አህዮቻቸውን እየነዳሁ ተከተልኩ። እስከ ጎረቤላ ድረስ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠይቁኝ ወጣን። የጧቱን ባነሳባቸው ደነገጡ፤ «ጧትማ ገዢ ሳይበተን ገብሱን ላደርስ ስሮጥ ነበር። ማንን አየሁና?»

በኋላ ስለ አንድ ጥናት ሳነብ እኚህ ሰው ትዝ አሉኝ። ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው፤ ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እያሳለ ያቃስታል። ካልተጣደፉት ውስጥ 63 በመቶው ረዱት፣ በጣም ከተጣደፉት ግን 10 በመቶው ብቻ። የሃይማኖት አቋማቸውም በመጠይቅ ተለክቶ ነበር፤ ማን እንደሚቆም በመለየት ረገድ ግን ችኮላውን ያህል አልጠቀመም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይላል የኛ ሰው፤ ችኩል ሰው ደግሞ ወንድሙን ረግጦ ያልፋል፣ ክፉ ሳይሆን።

ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም ወዳጄ። ካልተጣደፉትም ተማሪዎች ከሲሶ በላይ አልፈው ሄደዋል፤ በዚያች ዳገትም ሸጠው ጨርሰው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ፍየሌን እያዩ ያለፉ ነበሩ። ጊዜ ያለው ሁሉ ደግ አይደለም፤ ደግ ሰውም ጊዜ ሲያጣ ደግነቱ አይታይም። ስለዚህ በሰው ላይ ስም ከማውጣታችን በፊት ቢያንስ ሁለቴ እንገናኘው፤ አንዴ ሲቸኩል፣ አንዴ ሲመለስ።