የምስጋና ደብዳቤ ለእንደራሴያችን

ይድረስ ለተከበሩ እንደራሴያችን፣
አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ።

ለመራጮችዎ የላኩት የዓመቱ የሥራ ሪፖርት እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሶናል። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። የፖስታ ሳጥናችን ዝናብ ስለሚያስገባ የቤት ኪራይ ጉዳይ የተጻፈበት ገጽ ረጥቦ ተጣብቆ ነበር፤ ስምዎ ግን በየገጹ ራስጌ ላይ አንዲት ፊደል ሳትደበዝዝ ገብቷል። ሪፖርቱ ውስጥ በሚገባ ስለተጠራ እኔ እዚህ ደግሜ አልጠራውም።

ቅዳሜ ቡና ላይ ለጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ አነበብሁት። አቦሉ ቀርቦ ነበርና አንዲት ጠና ያሉ ጎረቤታችን ፉት ብለው «ይመራል» አሉ። «አዎን እማማ፣ እሳቸውም እንደዚያው ናቸው። ቀጣዩ ምርጫ እስኪደርስ 4 ዓመት ሙሉ ይመሩናል» አልኋቸው። ስኳር ጨመሩበት።

ፎቶግራፎቹ ግሩም ናቸው። በአንዱ ትልቅ መቀስ ይዘው ሪባን ይቆርጣሉ፤ በሌላው ሄልሜት ደፍተው ጉድጓድ ይመለከታሉ። የሁላችንን ልብ የነካው ግን በእንቁጣጣሽ በዓላችን ላይ ተገኝተው የተነሡት ነው። ነጠላ ለብሰዋል፣ ጥለቱንም ወደ ላይ አድርገው አንገትዎ ላይ አዙረውታል። እማማ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩትና «ውይ በሞትኩት! ማን ሞቶባቸው ነው?» አሉ። ጥለት ወደ አንገት የሚዞረው ለሐዘን መሆኑን የነገራቸው የለም ልል ስል ገጹ ተገለጠ። ያለ በቂ ምክንያት ተከራይ ከቤቱ እንዳይባረር ይረዳል የተባለው ረቂቅ፣ በእናንተ አቆጣጠር በ2024 የታችኛውን ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ውስጥ መቅረቱ ተጽፏል። ያኔ ተረዳን። አለባበስዎ ልክ ነው፤ የዘገየው መርዶው ነው።

ስለ ረቂቅ ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ሰፈር «እኚህ ሰው ምን ሠሩልን?» የሚል አላዋቂ አይጠፋም። እኔ አስረዳዋለሁ። ከ47 ወረዳ 47 ሴናተርና 141 ዴሌጌት፣ በድምሩ 188 ሰዎች በየዓመቱ ጥር ላይ አናፖሊስ ይሰበሰባሉ፤ 90 ቀን ይሰጣቸዋል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ይቀርባል። የእንደራሴያችን ሥራ ረቂቅ ነው፤ ረቂቅ ነገር ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም እለዋለሁ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። አንዳንዴ ይስቃል፤ ይቅር ይበሉት።

የእናንተ ምክር ቤት የረቂቅ አሸኛኘት ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። እኔ ባደግሁበት አገር ነገርን የሚገድል ሰው ስሙ ይታወቃል። እናንተ ዘንድ ረቂቁ አንደኛ ንባብ ይነበብለታል፣ ኮሚቴ ይገባል፣ ምስክር ይሰማበታል፤ ከዚያ ሰብሳቢው ለድምፅ ሳያወጡት ቀኑ ያልቅና ያው እዚያው ያርፋል። ማንም እጁን አላወጣበትም፣ ማንም «አልደግፍም» አላለበትም። እርስዎም ለሚደግፉት መራጭ «ደግፌው ነበር»፣ ለሚቃወመው አከራይ «አላለፈም» ብለው በእውነት ይጽፋሉ። ሁለቱም ደብዳቤ ሐሰት የለበትም። ያልሞተው ደግሞ ለጥናት ይመራል። ምን ያህል እንደሚመራ ተከራዩ ያውቀዋል።

ወደ መጓጓዣው ገጽ ልለፍ። ፐርፕል ላይን ከቤተስዳ ተነሥቶ በሰፈራችን አልፎ ኒው ካሮልተን የሚደርስ፣ 16 ማይል ርዝመትና 21 ጣቢያ ያለው የቀላል ባቡር መስመር ነው። ሥራው በ2017 ተጀመረ። በ2022 ይከፈታል ተባለ። በ2020 ዋናው ተቋራጭ በወጪ ክርክር ሥራውን ጥሎ ወጣ። አሁን ደግሞ ቀጠሮው በ2027 ማብቂያና በ2028 መግቢያ መካከል ወዳለው የብርድ ወቅት ተዛውሯል። ሰው ሁሉ ዘገየ እያለ ያማል። ወሬኞች ናቸው እንጂ፣ 2022ን በእኛ አቆጣጠር ከወሰድነው ባቡሩ እንዲያውም ከቀጠሮው 2 ዓመት ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ክርክር በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ላይ ቢጠቀሙበት ዋጋ አልጠይቅዎትም።

በመስመሩ ዳር ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ አለ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ ጀበናና የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። መንገዱ ሲታጠር ደንበኛው በየት በኩል እንደሚገባ ጠፋው። እሱም በካርቶን ላይ በአማርኛና በስፓኒሽ «ክፍት ነን» ብሎ ጽፎ አጥሩ ላይ አሰረ፤ ነፋስ ወሰደው፤ ደግሞ አሰረ። ቁፋሮው ሲጀመር ሁለተኛ ክፍል የነበረው ልጁ አሁን መኪና መንዳት እየተማረ ነው፤ ባቡሩ የማያስፈልገው ትውልድ ማፍራታችሁም እንደ ልማት ይቆጠር። ወዳጄ ግን ቂም አልያዘም። «ሐዲዱ በሬ ላይ ደርሷል፤ የቀረው ባቡሩ ነው» ይላል። ደንበኛም ቀርቷል። ኪራይ ብቻ ነው በሰዓቱ የሚደርሰው።

በዚህ ሁሉ መሐል የምክር ቤታችሁ አርቆ አስተዋይነት ነው የሚደንቀኝ። ሐዲዱ ገና ሳይነጠፍ፣ በ2008 የእግር ጉዞን የሜሪላንድ ይፋዊ የአካል እንቅስቃሴ አድርጋችሁ በሕግ ደነገጋችሁ። እኛ ያኔ ነገሩ አልገባንም ነበር። አሁን እማማ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ አምልጧቸው ዘምቢላቸውን ተሸክመው ሲያዘግሙ ሳይ ሕግ እያከበሩ እንደሆነ ይታየኛል። በዚያው ዓመት የስሚዝ አይላንድን ኬክ ይፋዊ ጣፋጭ አደረጋችሁ፤ በ1998 ወተትን ይፋዊ መጠጥ፤ በ2001 ካሊኮ የምትባለውን ባለ ሦስት ቀለም ድመት ይፋዊ ድመት። ስብሰባችሁ ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም ወተቱን በጊዜው ልንጠጣላችሁ አልቻልንም፤ እንደ ንቀት እንዳይታይብን። ድመቷ ግን ጸደቀች። ተከራዩ ኮሚቴ ውስጥ ኃጢአቱ ገና እየተመረመረ ነው። እርግጥ ድመቷ ኪራይ አትጠየቅም፣ አከራይም አታስከፋም።

ሁዳዴን ካነሣሁ፣ እኛ 55 ቀን ጾመን በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ እንገድፋለን። እናንተ በ35 ቀን ትበልጡናላችሁ። 90ኛው ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሞላ እናንተም እንደኛው ትገድፋላችሁ፤ ከላይ ባለ ቀለም የወረቀት ብጥስጣሽ ይዘንባል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ሁሉም ይተቃቀፋል። እኛ ከሥጋና ከወተት እንደምንጾም ሁሉም ያውቃል። እናንተ 90ውን ቀን ከምን ስትጾሙ እንደከረማችሁ ግን በሪፖርቱ ላይ አላገኘሁትም። ወረቀቱስ ከየትኞቹ ረቂቆች ተቀድዶ ይሆን?

ስለምትሰበሰቡበት ሕንፃም በኩራት ጽፈዋል። በአሜሪካ ሳይቋረጥ ለሕግ ማውጫነት ሲያገለግል የኖረ አንጋፋው የግዛት ምክር ቤት ነው፤ የጉልላቱ እንጨት ያለ ምስማር የተገጣጠመ ነው። እዚያ ቤት ነገር ማጥበቅ ድሮም አልተለመደም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን እንደ አገሬ ሰው ከነከነኝ፣ በድፍረት ልጠይቅ። ጆርጅ ዋሽንግተን ዲሴምበር 23 ቀን 1783 እዚያው አዳራሽ ውስጥ የጦር አዛዥነቱን በገዛ እጁ አስረክቦ፣ ለገና ቤቱ ገባ። ጦሩ በእጁ፣ ሕዝቡ በፍቅሩ፣ የሚያባርረው አንድም ሰው ሳይኖር። ይህም ሳያንስ እዚያው ክፍል ውስጥ የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል።

ሥልጣን ለለቀቀ ሰው ሐውልት! ለልጆቻችሁ ምን ልታስተምሩ ነው? እኛ አገር ወንበር ሰውን ሲለቅ እንጂ ሰው ወንበርን ሲለቅ ብዙም አላየን፤ ሐውልትም የምናቆመው እንዲያ ላለ አጉል ጠባይ አይደለም። ክርክር ማብዛታችሁንም አልወደድሁትም። አንዱ ይነሣል፣ «የተከበሩ ባልደረባዬ ተሳስተዋል» ይላል፤ ሌላው ማሻሻያ ያቀርባል፤ ሲነታረኩ ሌሊት ይሆናል። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ብትማሩ ኖሮ! በእናንተ አቆጣጠር በ2015 ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ አንድም የተቃዋሚ ወንበር ሳያስቀሩ አዳራሹን ሞሉት፤ እጅ ሲወጣ ያልወጣ እጅ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። ስንት ሰዓት ተረፈ! የተረፈው ሰዓት ለምን እንደዋለ እኔ አልከታተልሁም፤ ያኔ እዚህ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር።

እማማን ምስክርነት እንዲሰጡ የጋበዙበትን ቀንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሐሳብ ለሚሰጥ ሰው 2 ደቂቃ እንደሚፈቀድ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ማይክሮፎኑን እጅ ነሥተው ጀመሩ። «እንደምን አደራችሁ? ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እናት አባት በሕይወት አላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴን ጥቂት ያመኛል እንጂ…» ሰዓቱ ጮኸ። ሰብሳቢው በትሕትና አመሰገኗቸው፣ ቀጣዩ ምስክር ተጠራ። ኪራዩ ስንት እንደጨመረ፣ ማሞቂያው ከመቼ ጀምሮ እንዳልሠራ በእጃቸው ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። ሪፖርትዎ ላይ «የማኅበረሰባችንን ድምፅ ሰምተናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለዚህ እውነት ነው። ድምፁን ሰምታችኋል።

የእኔም ድምፅ እርስዎ ዘንድ ነው። ከሰጠሁዎት ቀን ጀምሮ እኔ ዝም ብያለሁ፤ ያለ ድምፅ ምን ይናገራሉ? እርስዎም በደህና እንዳስቀመጡት አልጠራጠርም፤ እስካሁን አውጥተው ሲጠቀሙበት የሰማ የለምና።

በመጨረሻው ገጽ ላይ «ለሚቀጥለው የስብሰባ ዘመን ቅድሚያ የሚሰጡትን ጉዳይ ምልክት ያድርጉ» የሚል መጠይቅ አለ። ቤት፣ መጓጓዣ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ሁሉም ሳጥን አላቸው። ሁሉም ላይ ምልክት ማድረግ ስግብግብነት መሰለኝና «ሌላ» የሚለውን መረጥሁ። ከጎኑ ያለው መስመር ሐሳቤን ስላልቻለው እዚህ እጽፈዋለሁ። መራመድን በሕግ አክብራችኋል፤ መቆም ግን እስካሁን ባለቤት የለውም። ስለዚህ «መጠበቅ» የሜሪላንድ ይፋዊ የጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ እንዲደነገግልን ረቂቅ ያቅርቡልን። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ የመንጃ ፈቃድ ወረፋ ላይ፣ የአጥሩ ዳር ካርቶን ሥር፣ ባለሙያ ሞልቶናል፤ ምስክርም አናጣም፤ የሚጠይቀውም በጀት የለም። የሚቃወም አከራይ የሚገኝ አይመስለኝም። ኮሚቴው ቢያቆየው እንኳ ግድ የለንም፤ ይህ ሕግ ከኮሚቴ ሳይወጣ ሥራ ላይ ይውላል።

አክባሪ መራጭዎ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ