ማደሪያ ሆነን ቀረን

ታኅሣሥ ሲገባ ወልዲያ ላይ ቤት ያለው ሰው ስልኩ አያርፍም። «ለገና ላሊበላ ልንሄድ ነው፤ አንተ ጋ አንድ ሌሊት አድረን እንቀጥላለን» ይላል የአክስት ልጅ፤ ይላል ድሮ አብሮ የተማረ፤ ይላል የባለቤት ወንድም ጓደኛ። ስንት እንደሆኑ አይናገርም። ሰባት መሆናቸውን የምታውቀው መናኸሪያ ስትቀበላቸው ነው፤ ሁለቱን ደግሞ እሱ ራሱ የተዋወቃቸው መንገድ ላይ ነው። «አብሽር፣ መሬት ላይም እንተኛለን» ይልሃል። መሬት ላይ የምትተኛው ግን አንተ ነህ።

እንግዳ ጠልቼ አይደለም። ወሎ ተወልዶ እንግዳ የሚጠላ የለም፤ ቢጠላም አያወራውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣ ሰው ወልዲያ ሲደርስ ሽንት ቤት የት ነው ይላል፤ ቻርጀር አለህ ይላል፤ የላሊበላ መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል ይላል። በቃ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘውን ስታዲየም እንኳ ላሳይህ ብትለው «ስንመለስ» ይላል፤ ሲመለስ ደክሞታል። ሌሊት 10 ሰዓት ቀስቅሰህ፣ ሻይ አፍልተህ፣ ባጃጅ ለምነህ መናኸሪያ ታደርሰዋለህ። ሚኒባሱ «ሞላ! ሞላ!» እየተባለለት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ንቅንቅ አይልም።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልዲያንም ላሊበላንም ሲያዳርስ፣ ስልኩ ዝም አለ፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ዝም ይላል። እውነት ለመናገር ያኔ «ምነው በመጡ» እንላለን። መንገድ ሲከፈት ይመጣሉ፤ ቻርጀር አለህ?

ሀብሩ ወረዳ መርሳ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ «አንተስ ያድሩብሃል፤ እኛን በመስኮት ነው የሚያዩን» ይላሉ። አልዋሹም። ባሱ መርሳ ላይ የሚቆመው ለትንፋሽ ያህል ነው። ለፋሲካ ሰሞን ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ማንጎውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ስድስት መረጠች፤ የተጠራላትን ዋጋ በግማሽ አወረደች፤ ቦርሳዋን ፈታች፤ ብሩ ጠፋ፤ ተገኘ፤ ሹፌሩ ማርሽ አስገባ። ሻጯ ልጅ ሰሃኗን በአንድ እጇ ጭንቅላቷ ላይ ደግፋ ከባሱ ጎን ሮጠች። ብሩ ተጣጥፎ አቧራው ላይ ተወረወረላት። ጎረቤቴ ስልኳን ወደ መስኮቱ አዙራ «ሀብሩ ሲያምር!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

እኛስ ስንጓዝ? አጠገቡ ስለሆንን ላሊበላ ሁልጊዜ «የሚቀጥለው ዓመት» ነው። ቆርጠን የተነሳን ዕለት የድልብን ዳገት ወጥተን፣ ጋሸና ላይ ታጥፈን፣ 64 ኪሎ ሜትሩን ተንገላተን እንደርሳለን። አልጋ በጥቅምት የነበረው ዋጋ በታኅሣሥ 28 አይታወቅም። «አልጋ አለ?» ስትል «ስንት ናችሁ?» አትባልም፤ «ከየት ነው የመጣችሁት?» ትባላለህ። ወልዲያ ካልክ አለቀልህ፤ ዶላር አትሸትም። አስጎብኚው 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ለፈረንጁ አንድ በአንድ ሲተነትንለት ጠጋ ብለህ ልትሰማ ብትል ድምፁን ይቀንሳል። በማግሥቱ ካህናቱ ቤተ ማርያም ከአፋፉ ላይ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ፣ ከፊቴ የቆመው ሰው ታብሌቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ጋረደኝ። የጌታንም የንጉሥ ላሊበላንም ልደት በሰው ስክሪን አክብሬ ተመለስኩ።

ሐይቅ ይሻላል ትሉኝ ይሆናል። በዕለቱ ተሂዶ ይመለሳል፤ እውነት ነው። ግን እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። ወንዶቹ ገብተን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖሩት ስለ አባ ኢየሱስ ሞአ ሰምተን ስንወጣ፣ ሴቶቹ ዛፍ ሥር ልጅ ሲያባርሩ ይጠብቁናል፤ ፊታቸውም እንደዚያው ነው። ከዚያ አሳ ይታዘዛል። ውሃው እግርህ ሥር ነው፤ ቆሮሶው ግን ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ሂሳቡ ብቻ ነው የማይዘገየው።

የጨው ባሕሩንማ አታንሱብኝ። የአባቶቻችን ባሕር አሰብ ነበረች፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች ስለ ሙቀቷ ሲያወሩ ሰምተን ነው ያደግነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ያም ቀረ። ዛሬ የሀብሩ ልጅ ባሕር የሚያየው በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሲሻገር ነው፤ እሱም በደኅና ከተሻገረ። ሌላው ዓለም ፈቃድ ወስዶ አሸዋ ላይ የሚጋደምባቸው ጅዳና ቤይሩት ለእኛ እህቶች የሰው ቤት ናቸው። ጅዳ ዓመታት ሠርታ የተመለሰች የሰፈራችንን ልጅ «ቀይ ባሕርን አየሽው?» አልኳት። «ማዳም ልጆቿን ስታዝናና መኪና ውስጥ ዕቃ እጠብቅ ነበር። በመስታወቱ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ሰው ግን አሁንም ፎቶ ካላሳየሽን እያለ ይነዘንዛታል።

ባቡር ሲመጣ ይቀላል ይሉን ነበር፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው ባቡር። እስኪመጣ ድረስ የእኛ ባቡር የባስ ረዳት ነው። የገና እንግዳህ ለምስጋና እንኳ ሳይደውል ይከርምና የማንጎ ወቅት ሲደርስ ድምፁን ታገኘዋለህ፦ «ያ የመርሳው ማንጎ፣ አንድ ካርቶን በባስ ብትልክልን።» ገዝተህ፣ በገመድ አስረህ፣ ለረዳቱ ከፍለህ፣ የታርጋ ቁጥሩን ትልክለታለህ። ማታ መልስ ይመጣል፦ «ደርሷል። ከላይ ያሉት ግን ተጨፍልቀዋል።»